በዶሮ ላባ የታጠበ አጥር

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። እኔማ ዝም ብዬ ፀሐዬን እየሞቅኩ ነበር። ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነስተው መጥተው፣ "እቴቴ፣ በዓል ሳይደርስ ግቢሽን እናጽዳልሽ" አሉና፣ ከላቫጆ ቤት የተዋሱትን ውሃ መርጫ ማሽን ከቧንቧው ጋር አገጣጠሙት። ትልቋ የልጅ ልጄ አፈሙዙን እንደ ጠመንጃ ደግና አጥሬ ላይ ለቀቀችው። ውሃው ሲመታው የእንጨቱ ጭረት ብን ብን እያለ ተነሳ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የረጠበ የአሮጌ ጥድ ሽታ። ትንሿ አፍንጫዋን አሾለችና "እርሳስ እርሳስ ይላል" አለች። እኔ እርሳስ ይዤ አላውቅም፤ ትምህርት ቤት ደጅም አልደረስኩ። ለእኔ የሸተተኝ አክስቴ ነበረች።

"አጥፊው!" ብዬ ጮህኩ።

እንደዚያ ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም። ማሽኑ ዝም አለ፤ ትልቋ እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ፖሊስ የያዛት ይመስል።

"እቴቴ ሪላክስ፣ አሁን እኮ ያልቃል!"

"እንጨት አይገረፍም" አልኩ።

አፉ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። ይህችው ቃል ናት እንግዲህ የያዘቻቸው። የማን ቃል ነው፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ንገሪን እንጂ። ትልቋ ስልኳን አውጥታ የምለውን እየጻፈች ነው። እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ፤ የሚያምር ነገር የለበትምና።

ያን ጊዜ እዚህ የካ ላይ ሰው እንደዛሬው አልተደራረበም። ከቤታችን ጀርባ ሽቅብ እንጦጦ ነው፤ ባሕር ዛፉ፣ ጭጋጉ፣ የጠዋቱ ብርድ። ዛሬ ከላይ ፓርክ ሆኖ ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ ይጮኻል አሉ። ያን ጊዜ ከዚያ የሚወርድ ሰው የሚታየው ጀርባው ላይ ጭራሮ ተቆልሎ ነበር፤ የሚሰማውም የእግሩ ድምፅ ብቻ።

እናቴ ስትሞት አባቴ ቶሎ አገባ። አዲሲቱ ሚስት አልፈለገችኝም፤ የአባቴ እህት ወሰደችኝ። እሷም ብትሆን ፈልጋኝ አይደለም። የመጣሁ ዕለት በር ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣

"ብዙ ትበያለሽ?" አለችኝ።

"አልበላም" አልኩ።

"ውሸታም" አለችና አስገባችኝ።

አክስቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ልጅ ያልወለደች መበለት ነበረች። ባሏ እንጨት ፈላጭ ነበር። ይህንን አጥር እንጦጦ ላይ የወደቀ ጥድ ገዝቶ፣ በመጥረቢያ ፈልጦ፣ በፋስ አስተካክሎ የሠራላት እሱ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እሷ ለሰው እጇ ፈጣን ነው። በኩርኩም ነው፣ በቁንጥጫ ነው፣ ያገኘችው ይበቃታል። አጥሩን ስትነካ ግን እጇ የሌላ ሰው እጅ ይሆናል። እንደ ሕፃን ራስ ነበር የምትዳብሰው። ሕፃኗ እኔ አጠገቧ ቆሜ እያየሁ።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ላም የምታረባ ጎረቤት ነበረችን። ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ወተቷን በየቤቱ የምታደርስ ሴት። "አጥሩ አንድ ክንድ ወደ እኔ ገብቷል" ትላለች። አክስቴ ደግሞ "ባሌ በሕይወት እያለ አፏን ያልከፈተች!" ትላለች። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም ነበር። የሚነጋገሩት በከብትና በዶሮ ነው።

ጎረቤቷ ላሟን እያለበች ድምፅዋን ከፍ ታደርግና፣ "አይዞሽ እመቤቴ፣ አንቺ እንኳ ድንበርሽን ታውቂያለሽ" ትላለች።

አክስቴ ከዚህ ወዲህ ወደ ዶሮዎቿ ትዞራለች። "ክሽ! ምን ታዳምጣላችሁ? ጓደኛ ያጣች ሴት ከላም ጋር ታውራ እንጂ፣ እናንተን ምን አገባችሁ?"

"እረ ተይ ላሜ፣ አትደንግጪ፤ የመካን ጩኸት ነው።"

ይህን ያለችበት ቀን አክስቴ ወደ ውስጥ ገባችና በማላስታውሰው ሰበብ እኔን መታችኝ። ጥላቻ እንዲህ በየማለዳው ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እንደ ሰው ሥራ እንደሚገባ ያወቅሁት እዚያ ቤት ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ይጠቁራል። ከሥር በኩል አረንጓዴ ሻጋታ ይለብሳል፣ ከላይ ደግሞ ያ ግራጫው የዛፍ ሽበት ይበቅልበታል። መስቀል ሳይደርስ መታጠብ አለበት። አክስቴ አስተጣጠቡን ያስተማረችኝ በስድብ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ አንዱም አልጠፋኝም።

ጠራራ ፀሐይ ላይ አይታጠብም፤ ሳሙናችን እንዶዱ ደርቆ ነጠብጣብ ያስቀራል። ደመናማ ጠዋት ይጠበቃል። መጀመሪያ በለስላሳ የሣር መጥረጊያ አቧራው ይራገፋል። ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ፣ ያውም ከታች ወደ ላይ፤ ከላይ ከጀመርሽ ቆሻሻው እየወረደ በደረቁ ላይ መስመር ይሠራል። ማታ የተዘፈዘፈው የእንዶድ ፍሬ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ውሃው ውስጥ ሲታሽ አረፋው ይነሳል፤ በዚያው ቋጠሮ፣ አሁን ከላይ ጀምሮ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ማሸት ነው። ጅማቱን አቋርጬ የፈተግኩ ቀን ጆሮዬን ይዛ፣ "አንቺ ደነዝ! ፊትሽን በድንጋይ ትፈትጊዋለሽ? እንጨት አይገረፍም!" አለችኝ። ጆሮዬ እስኪቀላ እየጎተተች።

በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለው ስንጥቅ ግን ጨርቅ አያስገባም። በቢላ ቢጫር ይቆስላል። ለእሱ የዶሮ ላባ ነበረን። የእኛ ዶሮዎች ጥቁር ነበሩ።

ደግሞ ሌላ አለ። አጥር አንዱ ፊቱ ብቻ ረጥቦ ሌላው ደረቅ ከሆነ ሳንቃው ይጣመማል። ስለዚህ ሁለቱም ፊት በአንድ ቀን መታጠብ አለበት። የወዲያኛው ፊት ደግሞ በጎረቤቷ ግቢ ነው።

"እሷ ወተቷን ይዛ ስትወርድ በአጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ ሾልከሽ ግቢና ያንን ፊት እጠቢ" አለችኝ።

"እትዬ፣ ብታገኘኝስ?"

"ካገኘችሽ አላውቅሽም።"

አየሽ? አላውቅሽም። ትልቋ እዚህ ላይ መጻፏን አቁማ፣ "እቴቴ፣ ይቺ ሴትዮ ጨካኝ ናት" አለችኝ። ጻፊ፣ ገና ነው አልኳት።

ያን ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ እስከ ጓሮአችን ወርዶ ነበር። የእኛን ፊት ከታችኛው ሳንቃ በቀር አጥቤ፣ ጎረቤቷ ስትወርድ ማሰሮዬን፣ ቋጠሮዬንና ላባዬን ይዤ ሾለክሁ። በዚያ በኩል የእበትና የወተት ሽታ ነው። ጥጃው ከአጥሩ ሥር ታስሮ በትላልቅ ዓይኖቹ አየኝ። እኔም ከላይ ያለውን ጨርሼ፣ የታችኛው ሳንቃ ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ የጎረቤቷ በር ሰንሰለት ተንኳኳ። ወተት የምትቀበላት ሴት ቤቷ አልነበረችም መሰለኝ፣ እሷ ሳይታሰብ ተመለሰች። በደረቴ ተስቤ በቀዳዳው ወጣሁ። ማሰሮው እዚያው ቀረ።

ብዙም አልቆየ።

"ኡኡ! ኡኡ! ኧረ ያገር ያለህ!"

በስንጥቁ አየሁ። ጥጃው ተኝቷል፤ አፉ አረፋ በአረፋ ሆኗል። እንዶዱን ጠጥቶታል፣ ሌላ ምን ይሆናል? ጎረቤቷ ግን የምታየው ሌላ ነው። ባፉ አረፋ የሚደፍቅ ጥጃ። አጠገቡ አንገቱ የተሸረፈ ጥቁር ማሰሮ። ማሰሮው ውስጥ ቀይ ጥለት ያለው ቋጠሮ። ቋጠሮው ላይ የተጋደመ የጥቁር ዶሮ ላባ። እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ደብተራ ጠርታ ብታሠራው እንደዚያ አያምርም ነበር።

"መተት! መተት ጣሉብኝ!"

ሰፈሩ ተሰበሰበ። አክስቴ ስንት ዘመን ዘግታው የኖረችውን አፏን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ከፈተችው። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

"አንቺ ሴት፣ አጥር ማጠቢያ ነው!" አለች።

"በዶሮ ላባ? ሰው አጥር በዶሮ ላባ ሲያጥብ ማን አይቷል?"

"የእኔ ቤት እንደዚያ ነው የሚታጠበው!"

"እሺ ያንቺን እጠቢ! የእኔን ፊት ምን አገባሽ? አንቺ ለእኔ አጥር የምታጥቢው መቼ ወደሽኝ ነው?"

ሰው ሁሉ "እውነቷን ነው" አለ። አክስቴ ምን ትበል? እንዴት እንደሚጠላሉ ሰፈሩ በየማለዳው ሲሰማ ኖሯል። እንጨቱ እንዳይጣመም ብዬ ነው ብትል ማን ያምናታል?

ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ፣ "ልጅቷን ምን አላችሁ? ላሟ ወተት የነሳችው እሷ ከመጣች ወዲህ አይደለም እንዴ?" አለች። "ከየት እንደመጣች ማን ያውቃል?" አለች ሌላዋ። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ገና የእንዶድ አረፋ ነበረበት።

ነገሩ ለሽማግሌ ተቀጠረ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ። እስከዚያ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ ልጅቷ ትውጣ ነው። ቦኖ ላይ ውሃ ለመቅዳት ስቆም ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ አጠገብ ያነሱ ነበር። አንዷ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበችና ፊቱን ሸፈነችው፣ እንዳላየው። እኔ ልጅ ነኝ። እንደዚያ ተፈርቼ አላውቅም ነበር። መፈራት እንደ መመታት እንደሚያም ማን ነግሮኝ?

እሑድ ጠዋት አክስቴ ንጹሕ ነጠላዋን ለበሰች። ወደ እኔ አላየችም።

"እዚህ ቆዪ" አለችና ወጣች።

እኔ ጓዜን ቋጠርኩ። ጓዝ ስል አንድ ቀሚስና የእናቴ መቀነት ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የት እንደምሄድ ግን አላውቅም። አባቴ ቤት ሚስቱ አለች፤ ሌላ ሰው የለኝም። ቅዳሴው አለቀ፤ ሰው ሲበተን ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥታ። ፀሐዩ አጥሩ ላይ ወጣ። የታጠበው የላይኛው ሳንቃ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ፣ ያልታጠበው የታችኛው ጥቁር እንደሆነ። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ፣ አሁን "አላውቃትም" እያለች ነው እያልኩ ተቀመጥኩ። በልቤ እየሰደብኳት። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጨርሼ ያላወቅሁትን እየፈጠርኩ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣች። ጓዜን አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጓዜ ነው፣ እትዬ።"

"ጓዝ!" አለች። "ጓዝ እንዳላት ወይዘሮ! በይ ፍቺው። የታችኛው ሳንቃ አልታጠበም።"

"ሽማግሎቹ ምን አሉ?"

"ሽማግሌ የሚለውን አሉ። ውሃ ቅጂ ብያለሁ።"

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልወጣትም፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያ ወዲያም። እኔም ልጅ ሆኜ፣ አገልጋይ እንዳላጣ ብላ አስቀረችኝ አልኩ። ሳንቃውን እያጠብኩ እንባዬ ጣሳው ውስጥ ይወርድ ነበር፤ የደስታም የንዴትም ነው፣ መለየት አልቻልኩም።

ጥጃው? ጥጃውማ በማግስቱ ተነስቶ እንደ ጅል ሲፈነጭ ነበር። ግን ቃሉን የመለሰ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የከፋው ዝምታው ነው። ጎረቤቷ ላሟን አታወራትም፤ አክስቴ ዶሮዎቿን አትሰድብም። አክስቴ በየወሩ የምትሄድበት የማርያም ማኅበር ነበራት፤ ያውም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። መሄዷን ተወች። ማኅበሩ በሚወጣበት ቀን ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ አውጥታ ታጥባለች፤ የታጠበውንም ታጥባለች። ያን ቀን አጠገቧ መድረስ ነው የሚከፋው። ኩራተኛ ስለሆነች ተጣልታቸው ነው እል ነበር። መንገድ ላይ ሴቶቹ ሲያዩዋት ወደ ማዶ ይሻገራሉ። እሷ ቀና ብላ ታልፋለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ እየሄድኩ፣ ሥራሽ ያውጣሽ እላለሁ በሆዴ። ወድጃት ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አጥሩን እናጥባለን፤ አሁን የራሳችንን ፊት ብቻ። "ዘንድሮ ይጣመማል" ትላለች አክስቴ። ታጥቦ ሲያልቅ መዳፏን ሳንቃው ላይ ታሳርፍና ብዙ ትቆማለች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ የሚያንቀላፋ ሰው ትንፋሽ እንደምታዳምጥ።

"ምን ይፈልጋሉ፣ እትዬ?"

"ዝም በይ።"

አጥሩ አልተጣመመም። በሚቀጥለውም ክረምት አልተጣመመም። እኔ አግብቼ ወጥቼ፣ እሷ ስትታመም ደግሞ ባሌን ይዤ ልጦራት ተመልሼ፣ አጥሩ እንደ ቆመ ነበር። "የባሌ ሥራ ነው" ትል ነበር፣ ጎረቤቷ እንድትሰማ ጮክ ብላ።

ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። የመጨረሻ ቃሏ "ትራሱን ቀስ አድርጊው" ነው። ለእኔ አይደለም፣ ለትራሱ ነው የተጨነቀችው። የማኅበሩ ሴቶች ቀብሯ ላይ መጡ፤ ግን ራቅ ብለው፣ ዛፉ ሥር ቆሙ። ድንኳን ውስጥ ገብታ የተቀመጠችው ያቺ ጎረቤታችን ብቻ ናት። ጥግ ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ለቅሶው እስኪነሳ ድረስ እየመጣች ተቀመጠች። ደስታዋን ልታይ ነው የመጣችው አልኩ። ከእንግዳ ሁሉ ውሃ ያልሰጠሁት ለእሷ ነው።

ትንሿ ማሽኑን ጠቅልላ ወደ በሩ ወስዳዋለች። ሳታስበው እጇን ሳንቃው ላይ አድርጋዋለች፤ እርጥብ ነው። የተነሳውን ጭረት በጣቷ ታስተኛለች። ተያት፣ እንዲያ ነው።

እንግዲህ ከቀብሩ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ክረምት እንደወጣ፣ አንድ ደመናማ ጠዋት ልጄን አዝዬ አጥሩን ሳጥብ ነበር። ከማዶ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ያረጀ ድምፅ፣

"አክስትሽ ውሸታም ነበረች" አለ።

ጎረቤቷ ናት። ያን ያህል ዘመን አንድ አጥር ተጋርተን፣ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ጣሳው እጄ ላይ ነበር፤ በአጥሩ በላይ ልወረውርባት ከጅዬ ነበር።

"ምን አሉኝ፣ እማማ?"

"ውሸታም ነበረች አልኩሽ። ያን እሑድ ሽማግሎቹ ልጅቷ ትውጣ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ብድግ አለችና፣ 'መተቱን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም' አለች። በቅጽሩ ውስጥ፣ በነፍስ አባቷ ፊት። ከማኅበር አስወጧት፤ ጽዋ ከእጇ እንዳይቀበል ሰው ሁሉ ተነገረው። እኔ ያን ቀን አሸንፌ ቤቴ ገባሁ። ገብቼ ማሰሮውን ባሸተው እንዶድ ነው። ላባው ላይ የአጥሬ ሽበት ተጣብቋል።"

ሳንቃውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?"

"ብናገር እሷ ታሸንፋላ!"

ከማዶ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ዓይኔን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ። ጎረቤታችን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያ አንገቱ የተሸረፈ የእኛ ማሰሮ፣ በእጇ ጥቁር የዶሮ ላባ። የእሷ ፊት ሳንቃ እስከ ላይ ድረስ ታጥቦ እርጥብ ነበር።

"በየዓመቱ የጣሳችሁን ድምፅ ስሰማ ነው የምነሳው" አለች ላባዋን እየነከረች። "ለእሷ ብዬ እንዳይመስልሽ። እንጨቱ እንዳይጣመም ነው።"